የባለ ብሩሹ የመጨረሻ ተመርማሪ

ሟቹ በጀርባው ተዘርግቷል። ራሱ ከከባዱ የመመርመሪያ ወንበር የብረት እግር ተጠግቷል፣ መነጽሩ ጆሮው ሥር ወድቋል፣ ነጭ ጋውኑ ከደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። የብረቱ ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ ብዙ አይደለም። ሌላ የተሰበረም የተገለበጠም ነገር የለም። ከመስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ አንድ መጽሐፍ ተከፍቶ ተቀምጧል። ገጹ ላይ ፊደልም ሥዕልም አይታይም፤ ከዳር እስከ ዳር በትንንሽና በትልልቅ ባለቀለም ነጠብጣቦች ተሞልቷል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። ከምሳ በኋላ ጥርሷን አስነቅላ፣ ገና ከጥርስ ሐኪሙ ደጅ ሳትርቅ ነው የተጠራችው። የግራ ጉንጯ ደንዝዟል። ከንፈሯ ግማሹ ብቻ ስለሚታዘዝላት ብዙ መናገር አልፈለገችም። ለነገሩ ሌላውም ሰው ብዙ አልተናገረም። የባቡር ድርጅቱ የጤና ክፍል ያለበት ሁለተኛ ፎቅ ጸጥ ብሏል። ሰዎች በኮሪደሩ ሲያልፉ ወደ ክፍሉ አንገታቸውን ያሰግጉና እንደ መጡ ይሄዳሉ።

«ተገፍቶ ነው» አለ አስከሬኑ አጠገብ ያጎነበሰው ሐኪም። «ቁልፉ የተበጠሰው ያኔ ነው። ጭንቅላቱ ብረቱን መታ። ግን ወዲያው አልሞተም።»

«ምን ያህል ቆየ?»

«ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰው ደረጃውን ወርዶ ቢጣራ ኖሮ…» ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

የአሻራ ባለሙያው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ጥቁሩን የአሻራ ዱቄት ሃያ አምስት ዓመት ሲነሰንስ ስለኖረ ስሙን ሁሉም ረስቶታል፤ «ዱቄት» ነው የሚባለው። «አለቃ፣ መጽሐፉንም ልየው?» አላት።

«መጽሐፉን ከሁሉም በፊት እየው» አለችው።

*

አስከሬኑን ያገኘችው የጤና ክፍሉ መዝጋቢ ናት። ቀጠን ያለች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። ጎን ያለው ክፍል ውስጥ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጋጥማ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ካለው አንድ ምስማር አይነቀልም።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ወጣሁ። ስምንት ሰዓት ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ምሳ የት በላሽ?»

«አልበላሁም። ሐዲዱን ይዤ ሄድኩ፤ ሲደክመኝ ተመለስኩ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል? ባቡር ነው ያለፈኝ።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሟቹ የነጂዎችን ዓይን ለቀለም የሚመረምር ነበር፤ ሁሉም ባለ ብሩሹ ይሉታል። ለምንድን ነው?»

«መጽሐፉን በጣት አያስነካማ። የጣት ወዝ ቀለሙን ይበላዋል ይላል። ለተመርማሪ ሁሉ ለስላሳ ብሩሽ ይሰጣል፤ ማሳየት የፈለገ በብሩሹ ነው የሚያሳየው። አንዴ አንድ ሠልጣኝ ጣቱን ሲዘረጋ በማስመሪያ መዳፉን አለው። የልጆች አባት የሆነ ትልቅ ሰው እኮ ነው፤ እንደ ተማሪ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸሸገ።»

«ተከፍቶስ ይተወዋል?»

«እሱ? ምሳ ሊበላ ይቅርና ሊያስነጥስም ቢሆን መጀመሪያ መጽሐፉን ይዘጋል። ብርሃን ያደበዝዘዋል እያለ።»

«እኔን እንደምትመረምሪ አድርገሽ አሳዪኝ።»

መዝጋቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከምስማሩ ነቀለች። ከመሳቢያዋ የመለማመጃውን አሮጌ መጽሐፍ አወጣች። መርማሪዋን ከመስኮቱ ጎን አስቀመጠቻት፣ በተለካች ዘንግ ከገጹ እስከ አፍንጫዋ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ለካች፣ አምፖሉን አጠፋች።

«መብራት አይቻልም?»

«የመስኮት ብርሃን ብቻ። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት። ለእያንዳንዱ ገጽ ሦስት እቆጥራለሁ፤ እስከዚያ ካልመለስሽ አለፈሽ።» ገለጠች። «ይሄ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ይሄንን ሁሉም ሰው ያየዋል። ይሄን አላየሁም ያለ ወይ ዕውር ነው ወይ ውሸታም። ይሄስ?»

«ስምንት።»

«ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ሦስት ነው የሚለው። አይዋሽም እኮ፤ የሚያየው ሦስት ነው። ይሄ?»

እንዲህ እያሉ ቁጥሮቹን ጨረሱ። መርማሪዋ አንድም አልሳተችም።

«የመጨረሻዎቹ ገጾች ቁጥር የላቸውም። ቁጥር ለማያውቁ ሰዎች በብሩሽ የሚከተሉት ጠመዝማዛ መስመር ነው። እነሱን ግን እሱ ራሱ ነው የሚያሳየው፤ እኔ እስከ ቁጥሩ ድረስ ነው የማውቀው።» መጽሐፉን ዘጋችው፤ እጇ የሟቹን ልማድ ወርሷል።

«አሁን ያልነገርሽኝን ንገሪኝ» አለች መርማሪዋ።

መዝጋቢዋ ባንድ ትንፋሽ አወጣችው። ባሏ የምልክት ጠባቂ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጭጋጋማ ማለዳ፣ አንድ የሰው ባቡር የምልክቱን መብራት አልፎ ቆሞ ከነበረ የጭነት ባቡር ጋር ተጋጨ። አሥራ አራት ሰው ሞተ። ባሏ «መብራቱን ቀይ አድርጌ ነበር» አለ። ባቡሩን ይነዱ የነበሩት ሁለት ሰዎች «አረንጓዴ ነበር» አሉ። ሁለት ለአንድ ሆነ። አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች፤ ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። «ከሁለት ወር በፊት ባለ ብሩሹ ጠራኝና አንድ ነገር ነገረኝ። በዚያ ዘመን ምርመራው ምድር ቤት ውስጥ፣ በቢጫ አምፖል ሥር ነበር። ቢጫ ብርሃን ቀለሙን ስለሚያዛባው አንዳንዱ ጎደሎ ዓይን ጤነኛ መስሎ ያልፋል አለኝ። ሁለቱን ነጂዎች ራሱ እንደመረመራቸው፣ ራሱም እንደፈረመላቸው ነገረኝ። ለፍርድ ቤት ጻፈ። ሰኞ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ምስክሩ እሱ ነበር።»

«ተናደድሽበት?»

«አሥራ አንድ ዓመት! አብሬው ሠራሁ እኮ። ሻይ አቀርብለት ነበር።» ትከሻዋን ሰበቀች። «ማክሰኞ የዚያን ባቡር ነጂ መረመረው። ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ‹ታዲያ ባሌ ነው የዋሸው?› አልኩት። ‹ቆይ፣ ልጄ፣ አንድ ሰው ይቀረኛል› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ሰልችቶኛል።»

*

የዚያ ባቡር ነጂ ዛሬ የነጂዎች አሠልጣኝ ነው። ሰባት ወር ሲቀረው ጡረታ ይወጣል። መርማሪዋ ያገኘችው ሐዲዶቹ በሚገናኙበት ግቢ፣ አሮጌ ፉርጎ ጥላ ሥር ቆሞ ነው።

«የምሳውን ሰዓት ሁሉ እዚሁ ነበርኩ፤ ብቻዬን። ሠልጣኞቹ ክበብ ገብተው ነበር። ጠርጥሪኝ፣ አልቀየምሽም።»

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ተመርምረዋል።»

«አዎ። ሲጨርስ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ዓይንህ እንደ ጭልፊት ነው› አለኝ። የተናገረው ግን ሐዘን እንደሚነግር ሰው ነበር። ጤነኛ በመሆኔ ይቅርታ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝ።»

«ያን ቀን መብራቱ አረንጓዴ ነበር?»

«በችሎት የተናገርኩት አለ፤ እሱን አንብቢ።»

«አንብቤዋለሁ። አሠራሩ ነው ያልገባኝ። ባቡሩ ራስ ላይ ሁለት ሰው ነው። ምልክቱን ማን ነው የሚያየው?»

አሠልጣኙ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ፤ የሥራው ጥያቄ ነው። «ሁለታችንም። ረዳቱ ቀድሞ ያይና ‹አረንጓዴ!› ብሎ ይጣራል። ነጂው ‹አረንጓዴ!› ብሎ ይመልሳል። ቀይም ከሆነ እንደዚያው። ዛሬም እንደዚሁ ነው የማስተምረው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሚስቴ እራት ላይ ‹ጨው!› ስትለኝ ጨውን ሳይሆን ቃሉን ነው የማቀብላት። ‹ጨው!› እላለሁ፤ እሷ እጇን ዘርግታ ትቀራለች።»

መርማሪዋ መሳቅ ፈለገች፤ ጉንጯ እምቢ አላት። «መብራቱስ ከላይ ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ ነው?»

«የከተማው ነው እንደሱ። የኛ አንድ መብራት ነው፤ የሚለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው።»

«ያን ቀን ረዳትዎ ማን ነበር?»

አሠልጣኙ በአገጩ ወደ ሕንጻው ጠቆመ። «ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ሆኗል። የስምሪት ኃላፊ።»

*

የኃላፊው ቢሮ ንጹሕ ነው። በግድግዳው ላይ የባቡሮቹ መነሻና መድረሻ በቁጥር ተጽፎ ተደርድሯል። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት፣ ሻይ አዘዘላት፣ እንደማትጠጣ ስትነግረው አዘነላት።

«ጥርስ መጥፎ ነው» አላት። «ሰውየው ግን ያሳዝናል። ደግ ሰው ነበር። ምሳዬን እዚሁ ነበር የበላሁት፤ ሥራ አይለቀኝም።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«ያን ባቡር ከአሠልጣኙ ጋር ይነዱ የነበሩት እርስዎ ነበሩ።»

«ነበርኩ። መብራቱ አረንጓዴ ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል።» የተናገረው ያለ ጭንቀት ነው። ውሸት የሚናገር ሰው አይመስልም። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች።

«ዓይንዎን ተመርምረው ያውቃሉ?»

«ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም አልፌያለሁ። ቢሮ ከገባሁ ወዲህ አይጠየቅም።»

«የት ነበር ምርመራው?»

«ታች ነዋ፤ ምድር ቤት።»

«መስኮት ነበረው?»

«ምድር ቤት መስኮት ምን ያደርጋል?» ብሎ ፈገግ አለ። በሩ ድረስ ሸኛትና እጀታውን እንደያዘ ጠየቃት፦ «እንግዲህ የሰኞው ችሎት ቀረ ማለት ነው?»

«እሱን ፍርድ ቤቱ ያውቃል» አለችው።

*

በማግስቱ፣ አርብ ጠዋት፣ ዱቄት መጽሐፉን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። ጥርሷ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይሰማታል እንጂ ሕመሙ ገና አልመጣም።

«ቁጥር ያለባቸው ገጾች ላይ ጥግ ጥጋቸው ብቻ ነው የተነካው፤ የገለጣቸው ጓንት ነው ወይ መሐረብ፣ አላውቅም። ይሄኛው ገጽ ላይ ግን ራቁት ጣት ሄዶበታል። ተከፍቶ የነበረው ገጽ ነው።»

በገጹ ላይ ጥቁሩ ዱቄት አንድ ፈለግ ይዟል። ከግራ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ይወርዳል፣ ከመሃል ትንሽ አልፎ ይቆማል።

«የማን ጣት ነው?»

«የተጎተተ ጣት አሻራ አይሰጥም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዱቄቱ ሥር ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው፤ ዝብርቅርቅ። «ሰክሮ ነው እንዴ? በባዶ ገጽ ላይ ዝም ብሎ ነው የሞነጫጨረው።»

«ምን ሞነጫጨረ፤ መስመሩን ነዋ የተከተለው።»

«የቱን መስመር?»

«ይሄንን።» ዱቄት በእርሳሱ ጫፍ፣ ገጹን ሳይነካ፣ ፈለጉ ካቆመበት ቀጠለ። ታጠፈ፣ ወረደ፣ ከቀኙ ጠርዝ ደረሰ። «ይኸው። ሰውየው አልጨረሰውም እንጂ እስከዚህ ነው የሚሄደው። ቀልድ ነው የያዝሽው?»

መርማሪዋ መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ገለጠችው፤ ለዓይን መርማሪው የተጻፈው መመሪያ እዚያ ነው። የዚያን ገጽ ቁጥር ፈልጋ አነበበች። ከጎኑ የመስመሩ ቅርጽ በቀለም ተሥሏል። ወጣ፣ ተጠመዘዘ፣ ወረደ፣ ታጠፈ፣ ከቀኙ ጠርዝ ደረሰ። ከሥሩ፦ «ጤነኛ ዓይን በዚህ ገጽ ምንም አያይም። መስመሩን የሚከተሉት ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ብቻ ናቸው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ስለተጻፈ ብቻ አታምንም፤ ስለዚህ መጽሐፉን ለዱቄት አዞረችለት። እሱም አነበበ። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ እኮ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አየሁ።»

«ሃያ አምስት ዓመት በዚህ ሥራ!»

«ዱቄትህ ጥቁር ነው። ማንም አይጠይቅህም።»

«ሚስቴ ሁልጊዜ ‹ሹራብ ስትገዛ ብቻህን አትሂድ› ትለኛለች። ቅናት መስሎኝ ነበር።» ሹራቡን ዝቅ ብሎ አየው። «ምን ዓይነት ቀለም ነው ይሄ?»

«ደህና ነው» አለችው። «ይበቃል።»

*

አርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ወለሉ ታጥቧል። መዝጋቢዋ ከበሩ አጠገብ፣ አሠልጣኙ ከመሃል፣ ኃላፊው ከመስኮቱ ጎን ተቀመጡ። ዱቄት ከግድግዳው ተደግፎ ቆመ። አንድ ፖሊስ በኮሪደሩ አለ።

«ሥራ አለብኝ» አለ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ።

«አላቆይዎትም» አለች መርማሪዋ። «ከመጽሐፉ ልጀምር። ባለ ብሩሹ ሊያስነጥስ እንኳ ቢሆን መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ነበር። ያገኘነው ግን ተከፍቶ ነው። ብሩሾቹ ሳጥናቸው ውስጥ ናቸው፤ ገጹ ላይ የሄደው ጣት ነው። እሱ በእግሩ ቆሞ ቢሆን ጣቱን በማስመሪያ ይለው ነበር። ስለዚህ ያ ጣት በገጹ ላይ ሲሄድ፣ ባለ ብሩሹ እዚህ ወለል ላይ ወድቆ ነበር። ሐኪሙ እንደሚለው ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሷል። ገዳዩ በዚያ ግማሽ ሰዓት አልሮጠም፣ ሰውም አልጠራም። ተቀምጦ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጠ።»

«ለምን?» አለ አሠልጣኙ።

«ራሱን ሊመረምር።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ጣቱ የሄደበት ገጽ ለጤነኛ ዓይን ባዶ ነው። መስመሩን የሚያየው ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ብቻ ነው። ጣቱ ከዚያ መስመር ዝንፍ አላለም፤ ዱቄት ምስክሬ ነው፣ ሳይወድ በግዱ።» ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «አሁን አንድ ገጽ አሳያችኋለሁ። አንድ ገጽ ብቻ። አትነጋገሩ፣ የጎረቤታችሁንም አትዩ። መስመር ካያችሁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ጻፉ። ካላያችሁ ‹ምንም› በሉ።»

ወረቀትና እርሳስ አደለች። አምፖሉን አጠፋች። ገጹን በመስኮቱ ብርሃን ለአንዱ ካንዱ ቀጥላ፣ በዘንጓ እየለካች፣ ሦስት እየቆጠረች አሳየች። ለዱቄትም አሳየችው። መዝጋቢዋ ጻፈች። አሠልጣኙ ግንባሩን ቋጥሮ ወደ እሷ ቀና አለ፣ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ተወው፣ ጻፈ። ኃላፊው ገጹን በእርጋታ አየና አንዲት ቃል ጽፎ ወረቀቱን አጠፈ።

መርማሪዋ ወረቀቶቹን ሰብስባ አነበበች። «መዝጋቢዋ፦ ‹ከግራ ከታች ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ይጠመዘዛል፣ በቀኝ ከላይ ይወጣል።› አሠልጣኙ፦ ‹ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጥምዝ፣ ወደ ላይ።› ዱቄት፦ ‹ምንም።› ኃላፊው፦ ‹ምንም።›»

ኃላፊው እጆቹን ዘረጋ። «እንግዲህ መስመሩን ያዩት…»

«ያ ገጽ አይደለም» አለች መርማሪዋ።

የተዘረጉት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ወረዱ።

«ጣቱ የሄደበት ገጽ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢሮዬ ነው ያለው። ይሄ የመለማመጃው መጽሐፍ ነው፤ ገጹም ሌላ ነው። እዚህ ላይ መስመሩን የሚያየው ጤነኛው ነው፤ ቀለም የማይለየው ምንም አያይም። ሰው ያየውን አላየሁም ብሎ መዋሸት ይችላል። ያላየውን መስመር ግን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ሊጽፍ አይችልም። እርስዎ ሊዋሹኝ ተዘጋጅተው መጡ፤ ‹ምንም› ብለው ጻፉ። ሳያስቡት ግን እውነቱን ነው የጻፉት።»

ኃላፊው ወረቀቶቹን ተቀበላትና አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገጽ አየ። አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዘነበለ።

«እዚህ ላይ መስመር አለ?» ብሎ መዝጋቢዋን ጠየቃት።

«አለ» አለችው።

«ዓይን የሚጎድለው ሰው ሁሉ ገዳይ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ዱቄትም ይጎድለዋል። ግን ባለ ብሩሹ ማክሰኞ ‹አንድ ሰው ይቀረኛል› ብሏል። ባቡሩ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱን ጨርሶ ነበር።»

ኃላፊው ለመካድ አልሞከረም። ሲናገር የባቡር ሰዓት የሚያስነግር ይመስል ነበር።

«ጠዋት ደወለልኝ። ሰው በሌለበት በምሳ ሰዓት ና፣ ላሳፍርህ አልፈልግም አለኝ። መጣሁ። ቁጥሮቹን ጠየቀኝ፤ መለስኩ። በመሃል አቆመኝና ‹አንተ ዱሮም አታይም ነበር› አለኝ። ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ አልኩት። ‹አምፖሉ ነው ያሳለፈህ› አለ። መጽሐፉን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ገፋሁት። ይነሣል ብዬ ነበር።»

«አልተነሣም።»

«አልተነሣም። እኔ ግን… አሥራ አራት ሰው ነው የሞተው። አረንጓዴ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ማወቅ ነበረብኝ። በመሐረቤ ይዤ ከመጀመሪያው ገለጥኩት። ቁጥር አያለሁ፤ ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። ከዚያ እዚያ ገጽ ላይ ደረስኩ። መስመር አየሁ። ጥርት ያለ መስመር። በጣቴ ተከተልኩት።» ዓይኑን ከገጹ አላነሣም። «ደስ አለኝ። ይኸው አያለሁ፣ ተሳስቷል፣ ዓይኔ ደህና ነው አልኩ። ልነግረው ዞር ስል መተንፈሱን አቁሞ ነበር።»

መስኮቱ ሥር አንድ የጭነት ባቡር በዝግታ አለፈ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዘንግ ተንቀጠቀጠ። መርማሪዋ ፖሊሱን ጠራችው። ኃላፊው ሲወጣ በበሩ ላይ ከመዝጋቢዋ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ አንዱም ሌላውን አላየም።

«አለቀ ማለት ነው?» አለ ዱቄት።

«አላለቀም።» መርማሪዋ ከአሠልጣኙ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ይሄ ባለ ብሩሹን ማን እንደገደለው ነው። የሰኞው ሌላ ነው። ሰኞ ዳኛው ‹ረዳቱ ቀለም አይለይም፣ እሺ፤ ጤነኛው ነጂስ አረንጓዴ አይቻለሁ ብሎ የለም ወይ?› ይላል። ያን ጊዜ የዚህች ሴት ባል ወደ መጣበት ይመለሳል። ሌላ ሰባት ዓመት አለበት። ምስክር የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አሠልጣኙ ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ።

«በሐሰት መሐላ ያስጠይቃል» አለ።

«ያስጠይቃል።»

«ሰባት ወር ነው የቀረኝ። ጡረታዬ…»

«አውቃለሁ። አላስገድድዎትም፤ መብቱም የለኝም።»

አሠልጣኙ መዝጋቢዋን አየ። እሷ እንደ ትናንቱ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጋጥማ፣ እሱን ሳይሆን ባዶውን ወለል ታያለች። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል፤ ሁልጊዜ ሰላምታ ትሰጠዋለች፣ ሁልጊዜ እግዜር ይስጥልኝ ይላታል።

«አላየሁም» አለ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «መብራቱን አላየሁም። ‹አረንጓዴ!› ሲል ሰማሁ። ‹አረንጓዴ!› ብዬ መለስኩ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ቀና ስል አልፈነዋል። ችሎት ላይ ሲጠይቁኝ ያየሁ መሰለኝ። በኋላ እንዳላየሁ ሳውቅ ሰውየው ታስሮ ነበር። ከዚያ ቀን ቀንን ወለደ።»

«የጫማ ክር» አለች መዝጋቢዋ።

«አዎ።»

«የትኛው እግር?»

አሠልጣኙ ደነገጠ። «ምን?»

«የትኛው እግር ነበር? ይጠይቀኛል። ሁሉንም ነገር እየደጋገመ ነው የሚጠይቀኝ፤ እዚያ ውስጥ ሌላ ሥራ የለውም።»

ሽማግሌው ጫማዎቹን ቁልቁል አየ፤ እንደማያውቃቸው ዕቃዎች። «የግራው» አለ።

መዝጋቢዋ ራሷን ነቀነቀች። ተነሣች፣ ቦርሳዋን ከወንበሩ ጀርባ አወረደች፣ የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችምም። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ችሎቱ ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው፣ ጋሼ» አለችው። «ወረፋው ረጅም ነው። ቀደም ብለው ይምጡ።»